ሞተር ስትቀይሩ ኢንጀክተሩንና ሽቦውን አስተያዩ
ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር የሚያስቀይር ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ "ኮምፒውተሩስ አብሮ መጥቷል?" እላለሁ፤ ሞተሩን የሚያዘውን የመኪናውን ኮምፒውተር ማለቴ ነው። ሞተሩ፣ ኮምፒውተሩና ሽቦው ከአንድ መኪና ከመጡ ግማሹ ጣጣ አለቀ።

ካልመጡ ባትሪውን ፍቱና ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አውጡ። ኢንጀክተር ማለት ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ የራሱን የኢንጀክተሩን ሁለት እግሮች በኦም ለኩ። ከ11 እስከ 16 ኦም ካነበበ ለብዙዎቹ የቤንዚን መኪና ኮምፒውተሮች ይስማማል። 2 ወይም 3 ካሳየ ተጠንቀቁ። ያለ ሬዚስተር (ከረንት የሚቀንስ እቃ) ከገባ ብዙ ከረንት ይስብና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም!

ሽቦው ላይ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ያገኛል። ሌላው ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ ኢንጀክተሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ቀለም አትመኑ። እያንዳንዱን ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ለኩ፤ የስንተኛው ሲሊንደር እንደሆነም በፕላስተር ጻፉበት።

ጣርማ በር ከፍታ ላይ መኪናው ደከመ ብሎ ትልቅ ኢንጀክተር የሚያስገባ አለ። ኧረ ተዉ! ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚን ቢጨመርበት ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው።

የኢንጀክተሩን የጎማ ቀለበቶች በአዲስ ቀይሩ፣ ዘይት ቀባ አድርጉ። የቤንዚን ሽታ ካለ አታስነሱ።