የኤሌክትሪክ መኪና ለጎንደር ቤተሰብ ያዋጣል? በእጅዎ የሚያሰሉበት መንገድ

ደላላው መጀመሪያ የሚጠራልዎት ቁጥር ርቀት ነው፦ «በአንድ ሙሌት 600 ኪሎ ሜትር!» መኪናውን የሚያስወድደውም ይኸው ቁጥር ነው። ለጎንደር ቤተሰብ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ማታ ማታ የት ይሞላል?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ካስታወቀ ወዲህ ምርጫው አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ የቤንዚን መኪና ወይም የኤሌክትሪክ ሆኗል።

የመጀመሪያው ሥራ ከሻጭ ጋር አያገናኝም። ለአንድ ሳምንት ቤተሰቡ በየቀኑ የሚጓዘውን ኪሎ ሜትር ይመዝግቡ፤ ልጆች ማድረስ፣ ሥራ፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ እንኳ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሄዱበትን ሩቅ መንገድ ለብቻው ይጻፉት። ለብዙዎቻችን ይህ ባሕር ዳር ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ቀጥሎ የወረቀቱን ርቀት ይቀንሱ። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የሚገቡት መኪኖች ርቀታቸው የተለካው ሲኤልቲሲ በሚባለው የአገራቸው መለኪያ ነው፤ መለኪያው ለጋስ ነው። እኔ ሲሶውን እቀንሳለሁ። 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው ቢዋይዲ ሲጋል 270፣ 605 የተባለው ሶንግ ፕላስ 400 ያህል ይሆናል። ባሕር ዳር ሳይሞላ ደርሶ የሚመለሰው ሁለተኛው ብቻ ነው። እዚያ የሚያድሩበትና የሚሰኩበት ዘመድ ቤት ካለ ግን የመጀመሪያውም ያደርሳል። ለዓመቱ ሁለት ጉዞ ብሎ ትልቅ ባትሪ መግዛት ለፋሲካ እንግዳ ብሎ አዳራሽ መሥራት ነው። (ሲጋል አራት ሰው ብቻ እንደሚይዝ ብዙዎች የሚያስታውሱት አያት ሊሳፈሩ ሲሉ ነው።)

ዳገቱም ሒሳብ አለው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ለመውጣቱ ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ይበላል፤ ይህ በሜዳ 30 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ከግማሽ በላዩን ይመልሳል። ስለዚህ ወደ ደባርቅ ሲወጡ ባትሪው ፈጥኖ ቢወርድ አይደንግጡ። ጎንደር ባለችበት 2,100 ሜትር ላይ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአየሩ መሳሳት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ አያጣም። ይህን ደላላ ሲያነሣው ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ከተራ ሶኬት በ10 አምፒር ሲሞላ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። ሌሊቱን ለአሥር ሰዓታት ቢሰካ 100 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ለከተማ ኑሮ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ ግን 32 አምፒር ይፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ስለሚስብ፣ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ መኪናና ምጣድ አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ከብሬከሩ ቀጥሎ የሚነሣው የጎረቤት ጠብ ነው። ተከራይ ከሆኑ ከመኪናው በፊት ከአከራይዎ ጋር ይስማሙ። ኤሌክትሪሽያን ጠርተው የሽቦውን ውፍረትና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መኖሩን ያስፈትሹ፤ ኧርዝ ከሌለ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ጭራሽ አይሞሉም። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባትሪውን ከግማሽ በታች አውርደው አይደሩ።

ከዚያ ገንዘቡ። በወር 900 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ቤተሰብ የቤንዚኑ መኪና 80 ሊትር ገደማ፣ የኤሌክትሪኩ በመሙላት የሚባክነውን ጨምሮ 180 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሁለቱንም በዛሬ ዋጋ ያባዙ፤ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር የአምና ደረሰኝ ያሳስታል። የመኪኖቹን የዋጋ ልዩነት በወር ለሚተርፍዎት ሲያካፍሉት ስንት ወር እንደሚፈጅ ያገኛሉ። ከስምንት ዓመት ካለፈ እኔ አልገዛም፤ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያው ነው። ዋስትናው እዚህ የሚሠራ መሆኑንም በጽሑፍ ያስይዙ። በነዳጅ ሰልፍ የሚባክነውን ቀን መተመን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መላ ቤተሰቡን አሳፍረው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ይንዱ። የባትሪውን መቶኛ ሲነሡም ሲደርሱም ይጻፉ። ከዚያ ወደ ሰፈርዎ ኮብልስቶን ገብተው ጆሮ ይስጡ፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ነውና ድንጋይ ሲነካው ይሰማል።