የተጣመመ ሻንሲ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ማቃኛው

ሻንሲ (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ተጣሟል የሚያስብሉ ምልክቶች አብዛኞቹ ካለቀ ጎሚኒ (በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ያለ ላስቲክ)፣ ከላላ ብሎን ወይም ከደከመ ሞላም ይመጣሉ። ስለዚህ ሰንሰለትና ሀይድሮሊክ ከመፈለጋችሁ በፊት ሜትርና ቱምቢ (በክር የሚንጠለጠል ክብደት) ያዙ። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ልኬት ነው፤ መሳቡ የሚመጣው ኋላ ነው።

መኪናው ሰያፍ ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም

መጀመሪያ በግራና በቀኝ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ለኩ። ልዩነት ካለ ወደ ባሌስትራው (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው ሞላ) ሂዱ። ቅጠሎቹን የሚያስረው የመሐል ብሎን ሲበጠስ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሻንሲው ግን ምንም አልሆነም። ብሎኑን ቀይሮ ዩ ቅርጽ ያላቸውን ማሰሪያዎች ማጥበቅ ይበቃል። ከፋብሪካ ሲወጡ ግራና ቀኛቸው የማይተካከል መኪኖች መኖራቸውንም አትርሱ፤ ሬኖ 4 በሁለቱ ጎን 5 ሴሜ ገደማ ይለያያል፣ ጤነኛም ነው።

አክስሉ በቦታው ሆኖ ልዩነቱ ካልጠፋ ሻንሲው ራሱ ይለካ። መኪናውን በደልዳላ ወለል ላይ፣ ሻንሲው ሥር በገቡ አራት ማቆሚያዎች አንሱት። በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት የሆኑ ቀዳዳዎችን ምረጡ (የባሌስትራ መያዣ ብሎን፣ የቦዲ መቀመጫ፣ የፊት ክንድ ማሰሪያ)፣ ከእያንዳንዳቸው ቱምቢ ጥላችሁ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ነጥቦቹን በመስቀል፣ ከማዕዘን ማዕዘን ለኩ። ብዙ ጊዜ ጉዳት የማይደርሰው መሐሉ ስለሆነ ከመሐል ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል።

የመሐሉ መስቀል ካልተካከለ አንዱ የጎን ብረት ከሌላው ቀድሞ ሻንሲው እንደ ዳይመንድ ሰያፍ ሆኗል ማለት ነው። ይህ በብዛት የሚታየው ቦዲው ከሻንሲው ተለይቶ በተሠራ መኪና ላይ ነው። መሐሉ ተስተካክሎ የፊቱ ብቻ ከተለያየ አፍንጫው ወደ ጎን ተገፍቷል። በአንድ ጎን ርዝመቱ ካጠረ ብረቱ ተጨምቋል፤ እንዲህ ሲሆን በፓራፋንጎና በኮፈን መካከል ያለው ክፍተትም አብሮ ይዛባል። የሚፈቀደው ልዩነት በአምራቹ የልኬት ወረቀት ላይ ይገኛል። ወረቀቱ ከሌለ እስከ 3 ሚሜ ድረስ አትጨነቁ፤ በድሮ ባለ ሻንሲ መኪኖች እስከ 6 ሚሜም ይታለፋል።

አላይመንት አይያዝም፣ የአንድ ጎማ ካምበር (ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) አልስተካከል ይላል

ሻንሲ ከመክሰሳችሁ በፊት የፊት ተሸካሚው ብረት (የፊት ክንዶቹ የሚታሰሩበት) ብሎኖች ላልተው ወደ ጎን መንሸራተቱን እዩ፤ የዛገ ክብ ምልክት ከዋሸሩ ጎን ከወጣ ተንሸራቷል። ቀጥሎ የኪንግፒን ዝንባሌን (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን) አስለኩ። ካምበሩ ተዛብቶ ዝንባሌው ደህና ከሆነ የተጣመመው ጎማውን የሚሸከመው ብረት ወይም አሞርዛተሩ ነው። ሁለቱም እኩል ከተዛቡ ግን አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ማማ ወይም ተሸካሚው ብረት ከቦታው ሄዷል፤ የታችኛው ክንድም መታየት አለበት።

በአንድ ማዕዘን ያዘነብላል

የፊት ተሻጋሪውን ብረት በመሐሉ በክሪክ አንሱ። ኋላው ከተስተካከለ ጥፋቱ ከፊት ሞላ ነው፤ ካልተስተካከለ የኋላ ሞላዎቹን አለዋውጡ፤ ዝንባሌው አብሮ ወደ ሌላው ጎን ከተሻገረ ሞላው ደክሟል። ባለበት ከቀረ ሻንሲው ተጠማዟል። ይህን በውሃ በተሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ የአራቱን ማዕዘን ከፍታ በማነጻጸር ማረጋገጥ ይቻላል።

ማቃናቱ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጥምዘዛ፣ ቀጥሎ የዳይመንድ ሰያፍ፣ ከዚያ ጭምቅ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጉበጥ፣ በመጨረሻ የጎን መገፋት። ጥምዘዛና ሰያፍ መላውን ሻንሲ ስለሚነኩ፣ የጎኑን አስቀድሞ ያስተካከለ ሰው ሥራውን ራሱ ያፈርሰዋል።

መኪናው ቢያንስ በአራት ቦታ ይታሰር። ጉልበቱ ግጭቱ ከመጣበት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በዝግታ ይሁን። ውጥረቱ እንዳለ በታጠፈው አካባቢ እንጨት አስደግፋችሁ በመዶሻ ቀጥቅጡ፤ ይህ ብረቱ ውስጥ የታመቀውን ውጥረት ያላቅቃል። ከዚያ ለቃችሁ ለኩ። ብረት ስለሚመለስ ከሚፈለገው ጥቂት አሳልፎ መሳብ ግድ ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ። ሰንሰለቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉ፣ በመስመሩም ላይ ማንም አይቁም። በሌላ መኪና ወይም በዛፍ አስሮ በድንገት መጎተት ብረቱን ቀድዶ ሰንሰለቱን በጥሶ ይጨርሳል።

እሳት የሚፈቀደው ለድሮ ተራ ብረት ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ደብዛዛ ቀይ (650 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ)፣ እጥፋቱ ላይ ብቻ፣ በውሃ ሳይቀዘቅዝ። የአዳዲስ መኪኖች ጠንካራ ብረት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፣ ስለዚህ ሳይሞቅ ይቃና። የተጎበጠ ብረት ይቃናል፤ ስለታም እጥፋት ያወጣ ይቆረጥና ይቀየራል።

ስንጥቅ ከተገኘ ጫፉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሜ ቀዳዳ አስበሱ፤ አለዚያ ከብየዳው ሥር መሄዱን ይቀጥላል። ስንጥቁን በፍሌክስ ቦርቡሩት፣ በይዱት፣ ከዚያ ጫፎቹ ሾል ያሉ ማጠናከሪያ ሳህን በጎኑ ላይ አድርጉ። የሻንሲውን የላይና የታች ጠርዝ አቋርጦ መበየድ እዚያው መስመር ላይ እንዲሰበር መጋበዝ ነው። ከመበየዳችሁ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ የነዳጅ ታንኩና መስመሩ ይውረድ፣ የብየዳው መሬት ገመድ ሥራው አጠገብ ይታሰር።

ሁሉም ከተበየደና ከቀዘቀዘ በኋላ ልኬቱ እንደገና ይወሰድ፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚስብ 1 ወይም 2 ሚሜ መሸሽ ይኖራል። አላይመንት የሚሠራው ከዚህ ወዲያ፣ የብረቱ ውስጥ ባዶ ክፍል በጸረ ዝገት ሰም ከተቀባ በኋላ ነው።