ሞተሩ አልዞር ሲል፦ አሮጌ ትራክተር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

እርሻው አልቆ ክረምቱን ደጅ የከረመ ትራክተር፣ አጨዳ ደርሶ ተሳቢ እንዲጎትት ሲፈለግ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ምክር ይዘንባል። አንዱ ገመድ ያመጣል፣ ሌላው መዶሻ። ዝገቱ ያልሰበረው ሞተር በዚህች ሰዓት ይሰበራል።

ምሳሌዬ ብዙዎች የሚያውቁት ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ሲሆን፣ በብዛት ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ነው ያለው። ሌሎች አሮጌ የናፍጣ ትራክተሮች ላይም ነገሩ ብዙ አይለይም።

ሳያረጋግጡ «ተጣብቋል» ማለት

ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ስላልዞረ ብቻ ሞተሩ ተጣብቋል አይባልም። ባትሪው ደክሞ፣ የገመዱ ጫፍ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የሞተሪኖው ጥርስ ከቮላኖው (ሞተሪኖው ከሚያዞረው ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር ተቀርቅሮም ይሆናል፤ ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ባትሪውን ነቅለው የሞተሪኖውን ብሎኖች ላላ ሲያደርጉለት ይላቀቃል።

ቀጥሎ ማርሹን ፎሌ ያድርጉና የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ብሎን በረጅም ቁልፍ ይሞክሩት። ካልዞረ አንድ ሰው ፍሪሲዮን ይርገጥልዎት። ያኔ ከዞረ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ከኋላ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አካባቢ ነው። ያም ሆኖ ንቅንቅ ካላለ አሁን ተጣብቋል ማለት ይቻላል።

እንዴት እንደቆመ አለመጠየቅ

ሥራ ላይ እያለ ነው የቆመው ወይስ ቆሞ ሳለ ነው የተጣበቀው? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ውሃ ጨርሶ ወይም ዘይት አንሶት እየሠራ የቆመ ሞተር በሙቀት ፒስተኑ ካሚቻውን (የሲሊንደሩን የውስጥ ግድግዳ) ነክሶ ነው፤ አለዚያ ኮሎው ላይ ያለው ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ተበልቷል። እዚህ ላይ ዘይት ማፍሰስና መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ዘይት በንጹሕ ዕቃ ያውርዱት። የሚያብለጨልጭ ብረት ካዩበት ሞተሩ መከፈት አለበት።

ቆሞ የተጣበቀው ግን ብዙ ጊዜ የዝገት ጉዳይ ነው። የማሲ ጭስ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማይ ቀጥ ያለ ነው። ዝናቡ በዚያ ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲጠፋ የጭስ ባልቦላው (የጭስ መውጫ በሩ) ክፍት ሆኖ የቀረው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ዝገው ከካሚቻው ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሦስቱም አይጣበቁም፤ አንዱ ነው ሁለቱን የሚይዛቸው። አንዲት ጣሳ ጭስ ማውጫው ላይ ብትደፋ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ጎትቶ ለማስነሳት መሞከር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በሌላ ትራክተር አስጎትቶ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን መልቀቅ! ጎማው መሬት ይዞ በካምቢዮው በኩል ኮሎውን ሲያስገድደው ጉልበቱ ከየትኛውም ቁልፍ ይበልጣል። ፒስተኑ አልላቀቅ ካለ ቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ይጣመማል። ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ማምለጫ ያጣና ቢዬላውን ያጎብጠዋል። በሞተሪኖ ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከርም ያው አደጋ አለው፤ በዚያ ላይ ሞተሪኖውን ያቃጥላል።

መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) ይውጡ። ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያቸውን በደንብ ያጽዱ፣ የናፍጣ ቱቦዎቹን ጫፍ በንጹሕ ነገር ይሸፍኑ። አሁን በእጅ ይሞክሩት። አንዳንዴ ይዞ የነበረው ውሃው ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መቸኮል

ካልዞረ በኢንጀክተሮቹ ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ይጨምሩ። ውስጥ ያለውን ውሃ ግን አስቀድመው በቀጭን ቱቦ ይሳቡት፤ አለዚያ ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅለው የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ሲጋራም ብልጭታም አጠገቡ አይድረስ። ከሌለ ናፍጣና ቀጭን ዘይት ይሁን።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት። በየቀኑ ትንሽ ይጨምሩ፣ ቁልፉን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሞክሩ። ወደ ኋላ ሲያዞሩ የፑሌጃው ብሎን ራሱ ሊፈታ ስለሚችል፣ ሞተሪኖውን አውጥተው በዚያ በኩል የቮላኖውን ጥርስ በብረት መግፋት ይሻላል። ጥቂት እንኳ ከተነቃነቀ ደስ ብሎዎት አይጋፉት። መልሱት፣ ዘይት ጨምሩለት፣ እንደገና ግፉት።

ፒስተኑን በመዶሻ መቀጥቀጥ

ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ከወረደ በኋላ የሚመጣ ፈተና ነው። ብረት ፒስተኑን ይሰነጥቃል። ከሲሊንደሩ ትንሽ የሚጠብ ክብ እንጨት አስቀምጠው በልኩ ይምቱ። ከፒስተኑ በላይ ያለውን ዝገት አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት ያንሱ። የተጣበቀው ፒስተን ጫፍ ላይ ወይም ታች መጨረሻው ላይ ከሆነ ግን መምታቱ ከንቱ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቢዬላው ኮሎውን ማዞር አይችልም፣ ምቱን ብሮንዚናው ይቀበላል።

እንደተላቀቀ ወዲያው ማስነሳት

የባልቦላውን ክዳን ያንሱና በእጅ እያዞሩ እያንዳንዱ ባልቦላ ተከፍቶ መመለሱን ይዩ። የዛገ ባልቦላ ካለ የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል። ያፈሰሱት ፈሳሽ ወደ ኮፓው ወርዷልና ዘይቱንም ፊልትሮውንም ይለውጡ። ከዚያ ኢንጀክተሮቹ ሳይገቡ፣ ማጥፊያው ተስቦ፣ የዘይት ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ ያዙሩት። በቀዳዳዎቹ በኃይል የሚረጭ ነገር አለ፣ ፊትዎን ያርቁ።

በመጨረሻ ሲነሳ አንድ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ አየር ማስገቢያው አጠገብ ይቁም። ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ዘይት እንደ ናፍጣ ሊነድ ይችላል። ያኔ ሞተሩ ማጥፊያውን ቢስቡትም አይሰማም፤ አየሩን መዝጋት ነው ያለው። በእጅ ግን አይሞከርም።

መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ጭስ ቢበዛ አይደንግጡ፣ የተያዙ ፋሻዎች እየሠራ ሲሄድ ሊላቀቁ ይችላሉ። ሥራ ላይ ውሎም ጭሱ ካልቀነሰና በኮፓው መተንፈሻ ጭስ የሚገፋ ከሆነ ካሚቻው በዝገት ተቦርቡሯል። ያኔ ሞተሩን አውርዶ ካሚቻ፣ ፒስተንና ፋሻ አንድ ላይ መቀየር ነው።