ስኳር ያለባት ልጅ መርፌዋን እየዘለለች ይሆን?

በመርፌ የምትወስደው መድኃኒት ኢንሱሊን ይባላል፤ እሱ ሲጎድል ስኳር በሽንት ይወጣል፣ ሰውነትም ይከሳል። ይህን የደረሱበት አንዳንድ ወጣቶች ለመቅጠን ሲሉ መርፌውን ሆን ብለው ይዘሉታል። ሕመም ነው፤ "እልኸኛ ናት" እያሉ መቆጣት ወራት ከማባከን በቀር አይፈይድም።

ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጠሩ። 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሚል የተጻፈበት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 1000 ዩኒት ይይዛል። ጠዋት 20፣ ማታ 10 የታዘዘላት ልጅ በ33 ቀን ገደማ ትጨርሰዋለች። የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት። በወሩ ግማሹ እንዳለ ከሆነ እየዘለለች ነው። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ካላት ለየብቻ ቁጠሩ።

ጠርሙሱ በወቅቱ እያለቀ ስኳሯ ካልወረደ ግን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይቀዘቅዝም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ የዋለ ኢንሱሊን ይበላሻል። ፍሪጅ ከሌለ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ውስጥ ጥላ ላይ አስቀምጡት።

ጾምም መሸሸጊያ ይሆናል። ሮመዳኑም ሁዳዴውም አልፎ "ጾመኛ ነኝ" የምትል፣ ሌሊት ተደብቃ የምትበላ፣ የስኳር መለኪያውን የምትደብቅ ከሆነ ልብ በሉ።

ስታነጋግሯት ቡና ላይ ጎረቤት ባለበት አይሁን። "ለምን አትወጊም?" ከማለት "መርፌው የሚያወፍርሽ መስሎሽ ነው?" ማለት ይሻላል።

መርፌው ሲመለስ መጠኑን ሐኪም ይወስን፤ "ያለፈውን ላካክስ" ብላችሁ አትጨምሩ። ለወራት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በጣም በፍጥነት ሲወርድ ዓይንንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሯ ሊያብጥ፣ ሚዛኗም ሊጨምር ይችላል። የሚበዛው ውሃ ነው፣ ያልፋል። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋት ደንግጣ መልሳ የምትተወው እዚህ ላይ ነው። "ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል!" የሚሉ ጎረቤቶችንም ቀስ ብላችሁ አስጠንቅቁ፤ ለእነሱ ምርቃት ነው፣ ለእሷ ግን አይደለም።

መርፌዋን ወግታ ሳትበላ ቀርታ ስኳሯ ከ70 በታች ከወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ስጧት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አትጨምሩ፤ ሐኪም ቤት አድርሷት።

የሚያስመልሳት፣ ሆዷን የሚቆርጣት፣ በጥልቀት ቶሎ ቶሎ የምትተነፍስ፣ ትንፋሿም የበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ከሆነ አይነጋባት። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ውሰዷት፤ ጠርሙሱንና መለኪያውንም ይዛችሁ ሂዱ።