ቀበቶ ከመቀየር በፊት፦ በሾቶካን ካታ ልምምድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በድሬዳዋ ካራቴ የሚማሩ ልጆች ከስልጠና ሲወጡ እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አንተ ስንተኛው ካታ ላይ ደረስክ?» ይባባላሉ። ጥያቄው ያለ ምክንያት የሚነሳ አይደለም። ሾቶካን በተባለው የካራቴ ስልት ሰልጣኙ ከነጭ ቀበቶ ወደ ጥቁር ቀበቶ ሲያድግ በየእርከኑ አንድ ካታ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ፣ አጥንቶ ይፈተናል። በአብዛኞቹ ክለቦች መጀመሪያ ሄይያን የሚባሉት አምስት ካታዎች (ከሾዳን፣ ማለትም ከመጀመሪያው፣ እስከ ጎዳን፣ ማለትም አምስተኛው)፣ ቀጥሎ ቴኪ ሾዳን፣ ከዚያም ባሳይ ዳይ ይመጣሉ፤ የቀበቶው ቀለም ከክለብ ክለብ ቢለያይም የካታዎቹ ተራ እምብዛም አይለወጥም። በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ጀማሪዎችን ባሠለጠንኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት ግን፣ ሰልጣኞች በፈተና የሚወድቁት አዲሱን ካታ ስላላወቁት ሳይሆን፣ ያለፈው ካታ ሊሰጣቸው የሚገባውን ነገር ሳይቀበሉ ስላለፉት መሆኑን ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ቅደም ተከተሉን መሸምደድን ካታውን እንደ ማወቅ መቁጠር ነው። ሄይያን ሾዳን 21 እንቅስቃሴዎች ብቻ ስላሉት ፈጣን ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳይሳሳት ይወጣዋል፤ ወላጆችም «ቻለው እኮ፣ ለምን አያልፍም?» ብለው ይጠይቃሉ። ሄይያን የምንላቸውን አምስት ካታዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያዘጋጃቸው የኦኪናዋው መምህር አንኮ ኢቶሱ ሲሆን፣ ዓላማውም ካራቴን ለትምህርት ቤት ልጆች በሚመች መልክ ደረጃ በደረጃ ማስተማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ወስዶ ያስተዋወቀው ጊቺን ፉናኮሺ ግን እሱ ራሱ በወጣትነቱ የተማረው በሌላ መንገድ ነው፤ በመምህሩ በአዛቶ ግቢ ሌሊት ሌሊት እየሄደ አንዱን ካታ መምህሩ በቃህ እስኪለው ድረስ አንዳንዴ ለወራት ይደጋግመው ነበር። እኔም የዚህን ትርጉም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ለቡናማ ቀበቶ ፈተና ባሳይ ዳይን ይዤ በቀረብኩበት ቀን ፈታኙ ካታዬን እስከ መጨረሻው ካየ በኋላ፣ ሄይያን ሾዳንን እንድሠራ አዘዘኝና ቡጢ በሰነዘርኩ ቁጥር የኋላ ተረከዜ ከወለሉ እንደሚነሳ በእጁ እየነካ አሳየኝ። ያን ቀን አላለፍኩም። ለካስ ተረከዜ ከነጭ ቀበቶ ጀምሮ ሲነሳ ኖሯል፤ በባሳይ ዳይ 42 እንቅስቃሴዎች ውስጥም ጉድለቱ ሳይታረም አብሮኝ ሄዷል።

ሁለተኛው ስህተት ካታው የሚሄድበትን መስመር መዘንጋት ነው። ሄይያን ሾዳን ሲሠራ ወለሉ ላይ የሚቀረው ምስል ሁለት ትይዩ መስመሮችን በመካከል አንድ ረጅም መስመር ሲያገናኛቸው ነው፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ በማስመሪያ እንደተሠመሩት የከዚራ ጎዳናዎች እያንዳንዱ ማዕዘን ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሰልጣኙ በመካከለኛው መስመር ላይ ወደ ፊት ጭንቅላቱን እየተከላከለ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፤ ሲመለስም ቡጢ እየሰነዘረ ሦስት እርምጃ ይመጣል። የመሄጃውና የመመለሻው እርምጃ እኩል ከሆነ ካታው በጀመረበት ቦታ ያልቃል። እኔ ይህን የማስተምረው በጠመኔ ነው። ሰልጣኙ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ፊት ሲሚንቶው ላይ አጭር መስመር አሰምራለሁ፤ ሲጨርስ የቆመበትን ያየዋል። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ካታዋን ጨርሳ ዞር ዞር ካለች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቦታዬ ጠፋኝ» አለችኝ፤ ከጠመኔው ሁለት ጫማ ያህል ርቃ ነበር። መንስኤውን ስንፈልግ ያገኘነው በሚገርም ቦታ ነው፦ ስትሄድ እርምጃዋ ረጅም ሲሆን፣ ዘጠነኛውን እንቅስቃሴ ከሚያጅበው የኃይል ጩኸት በኋላ ግን ትንፋሿ ስለሚያጥራት ስትመለስ ያጥርባታል።

ከዚሁ መስመር ጋር የተያያዘው ሌላው ጉድለት የ270 ዲግሪው መዞር ነው። ጀማሪው የኋላ እግሩን በበቂ መጠን ሳያሻግር ስለሚዞር ሁለቱ እግሮቹ በአንድ ቀጥታ ላይ ይውላሉ፣ ገመድ ላይ የቆመ ያህልም ይንገዳገዳል፤ መፍትሔው አስቀድሞ በዓይን ወደሚዞሩበት አቅጣጫ ማየት፣ ቀጥሎ የኋላ እግርን የትከሻ ስፋት ያህል አሻግሮ ማስቀመጥ፣ ዳሌን የማዞሩን ሥራም ለመጨረሻ ማቆየት ነው። በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚለማመዱ ወጣቶችን ስለማይ አንድ ነገር ልጨምር፦ አሸዋው ለእግር ጥንካሬ ይረዳል፣ ለመዞር ልምምድ ግን አይመችም፤ የቆመው እግር አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰውነት ሲዞር ሸክሙ ጉልበት ላይ ያርፋል። መዞሩን በለሰለሰ ወለል ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ይለማመዱት።

ሦስተኛው ስህተት የኋላ አቋቋምን፣ በጃፓንኛው ኮኩትሱ ዳቺን፣ በቸልታ ማለፍ ነው። በዚህ አቋቋም ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ በኋለኛው እግር ላይ፣ 30 በመቶው በፊተኛው ላይ ይሆናል። በሄይያን ሾዳን የሚመጣው በመጨረሻዎቹ አራት እንቅስቃሴዎች ነው፤ ሰልጣኙም በዚያ ሰዓት ስለደከመ ክብደቱን መሀል ላይ ጥሎ ይጨርሰዋል፣ ማንም ብዙ አይወቅሰውም። ይሁንና ሄይያን ኒዳን የሚጀምረው በዚሁ አቋቋም ስለሆነ ያልተከፈለው ዕዳ በመጀመሪያው እንቅስቃሴ ይጠየቃል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቆመው ሳሉ የፊት እግርዎን ሰውነትዎን ሳያንቀሳቅሱ ከወለሉ ለማንሳት ይሞክሩ። ለማንሳት ወደ ኋላ መንፈራገጥ ካስፈለገዎት ክብደቱ ቦታው ላይ አልነበረም።

አራተኛው ሁሉንም እንቅስቃሴ በአንድ ምት መሥራት ነው። ጥፋቱ በከፊል የእኛ የአሠልጣኞች ነው፤ በቡድን ስናሠራ በጃፓንኛ «ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ» (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት) እያልን በእኩል ርቀት ስለምንቆጥር ልጁ ካታ ማለት እኩል ምት ማለት ይመስለዋል። ሄይያን ዮንዳን ግን በሁለት ዝግተኛ እንቅስቃሴዎች ይጀምራል። በሄይያን ሾዳን አራተኛው እንቅስቃሴ ላይም የተያዘ እጅን ወደ ራስ አስለቅቆ ከላይ በጡጫው ጎን የመምታት ሐሳብ አለ፤ ይህን የተረዳ ሰልጣኝ እጁን ሲስብ ይፈጥናል፣ ያልተረዳው ክንዱን በአየር ላይ ያዞራል። ስለዚህ ካታውን ያለ ቆጠራ፣ ለብቻ፣ እያንዳንዱ እጅ ምን እየተከላከለ እንደሆነ እያሰቡ መሥራት ያስፈልጋል። ጩኸቱም ቦታ አለው፤ በሄይያን ሾዳን ዘጠነኛውና 17ኛው እንቅስቃሴ ላይ ብቻ ነው።

አምስተኛው ስህተት በዘመናችን የበረታ ነው፤ ካታን ከስልክ ቪዲዮ ስልቱን ሳይለዩ መማር። ፉናኮሺ የኢቶሱን ፒናን ካታዎች ሄይያን ብሎ ሲሰይም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቦታ አለዋውጧቸዋል። በዚህም ምክንያት እኛ ሄይያን ሾዳን የምንለው በሌሎቹ የካራቴ ስልቶች፣ በሺቶሪዩና በዋዶሪዩ፣ ፒናን ኒዳን (ሁለተኛው ፒናን) ይባላል። በሺቶሪዩ የድመት አቋቋም የሚባለው አጭር አቋቋም በእኛ የኋላ አቋቋም ቦታ ሲገባ ማየትም የተለመደ ነው። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ሆኖም ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው የወሰደ ልጅ በፈተና ቀን ከሁለቱም ስልት አይቆጠርለትም። ቪዲዮ ከመክፈት በፊት የስልቱን ስም ከአሠልጣኝ ጠይቆ መያዝ በቂ ነው።

ቴኪ ሾዳንን መናቅ ስድስተኛው ነው። ወደ ጎን በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ፣ መዞርም መዝለልም የሌለው ካታ ስለሆነ ከሄይያን ጎዳን ዝላይ በኋላ ሲመጣ ለወጣቶች ቅር ያሰኛቸዋል። ሥራው ግን ከወገብ በታች ነው፤ በ29ኙም እንቅስቃሴዎች ጉልበቶች ወደ ውጭ ተገፍተው፣ የጭንቅላት ከፍታ ሳይለወጥ መቆየት አለበት። ከጀርባ የሚያይ ጓደኛ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ወዲያው ይለየዋል፣ ሰልጣኙ ራሱ ግን አይታወቀውም።

የመጨረሻው ስህተት አዲስ ቀበቶ ሲታሰር የቀድሞውን ካታ መተው ነው። በባሳይ ዳይ መካከል ያው የኋላ አቋቋም በክፍት እጅ መከላከል ይመለሳል፤ ከነጭ ቀበቶ ጊዜው ጀምሮ ያላቋረጠ ሰልጣኝ እዚያ ሲደርስ አያመነታም። በእኛ ክለብ ማንኛውም ባለ ቡናማ ቀበቶ አዲሱን ካታ ከመጀመሩ በፊት ሄይያን ሾዳንን አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጠመኔውንም ለራሱ ያሰምራል።