የእቃቃ ጨዋታን ለትናንሽ ልጆች እንዴት ማመቻቸት ይቻላል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ጓሮ ብቅ ያለ ሰው ሌላ ትንሽ የቡና ድግስ ማየቱ አይቀርም፤ ረከቦቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሲኒው ክዳን፣ ቡናው በውኃ የተበጠበጠ አፈር ነው። ልጅ አፈሩን «ቡና» ሲለው አንዱን ነገር በሌላው ወክሎ ማሰብ ጀምሯል። ይህ ችሎታ 2 ዓመት ገደማ ላይ ብቅ ይላል፤ ኋላም ፊደል ድምፅን እንደሚወክል ለመረዳት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ከእሳትና ከመንገድ የራቀ፣ እርስዎ ግን ከሥራዎ ሳይነሡ የሚያዩት ጥግ ይምረጡ። ትልልቅ ክዳኖች፣ ማንኪያና ቁራጭ ጨርቅ ያቅርቡ። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ቆርኪ፣ ጠጠርና ባቄላ አይስጡ፤ ጉሮሮ ይዘጋሉ። ውኃውም በጣሳ ይሁን፤ ባልዲ ውስጥ ያለ ጥቂት ውኃ ሕፃን ሊያሰጥም ይችላል። በባትሪ የሚጮኸውን አሻንጉሊት ካልገዛሁ ብለው አይጨነቁ፤ እርሱ ራሱ ስለሚጫወት ለልጁ የሚተርፈው ማየት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ይጠብቁ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲጠሩ በእንግድነት ይግቡ እንጂ ባለቤት አይሁኑ። ልጅዎ «እማዬ፣ አቦሉ ደርሷል» ስትል «ሲኒው ስንት ነው? ቁጠሪ» ካሏት ጨዋታው ፈተና ይሆናል፤ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ቁርሱስ የታለ?» ቢሏት ግን ቅጠል ፍለጋ ትሮጣለች፣ ታሪኩም ይቀጥላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሲቀዱ ቅደም ተከተል በራሱ ይመጣል፤ ተራው ሳይደርስ ሲኒ የሚያነሣውን ደግሞ ጓደኞቹ «ቆይ!» ይሉታልና ራስን መግታት ከእኩዮቹ ይማራል። አንዷ እንደ አያቷ መዳፏን ዘርግታ ዱአ ስታደርግ፣ ሌሎቹም «አሚን» ሲሉ አይሳቁባቸው፤ በሌላ ጊዜ ከአፏ የማይወጡ ቃላትን የምትሞክረው ያን ጊዜ ነው።

«እኔ ልቅዳ» ተባብለው ቢጣሉ፣ መመታታት ካልመጣ በቀር፣ ለመዳኘት አይቸኩሉ፤ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ይስማማሉ።

ገና ያልቆመ ታናሽ ካለ ፊትዎን በነጠላ ጋርደው መግለጥ ይበቃዋል።

ለማስቆም ሲፈልጉ ድንገት ዕቃውን አያንሡ። «በረካው ሲጠጣ እጅ ታጥበን እንገባለን» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በረካውንም ራስዎ ተቀብለው ይጠጡ።