የህንድ ጥበብን በሙዚየም ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የለንደኑ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም በህንድ ጥበብ ስብስቡ የታወቀ ነው። መግቢያውም ነፃ ነው። ብዙው ጎብኚ ግን ወርቅና ዕንቁ ፍለጋ ሽው ብሎ ያልፋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕልን እንደ ዜና ማመን። ይሄ እኛን ሐበሾችን በቀጥታ ይመለከታል። ደብሊን በሚገኘው ቼስተር ቢቲ ሙዚየም በ1616 ገደማ የተሣለ ትንሽ ሥዕል አለ። ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሉል ላይ ቆሞ፣ ጦር ጫፍ ላይ የተሰካ ራስ በቀስት ይወጋል። የተሰካው ራስ የማሊክ አምባር ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሸጦ ህንድ ደረሰ። በኋላ የአህመድናጋርን ግዛት በእንደራሴነት መራ። ሥዕሉን ያየ ሰው ተማርኮ አንገቱ የተቀላ ይመስለዋል። በፍጹም! ጃሃንጊር እጁ አላስገባውም። ማሊክ አምባር በ1626 እስኪሞት ድረስ የሙጋልን ጦር መከራ አብልቷል። ሥዕሉ የንጉሡ ምኞት ነው። ሃሺም የተባለው ሠዓሊ የሣለው የማሊክ አምባር ምስል ደግሞ በለንደኑ ስብስብ ውስጥ አለ። እሱን ሳያዩ አይፍረዱ።

ትንሹን ዕቃ መዝለል። በለንደኑ ሙዚየም ያለው የጃሃንጊር ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን የወይን ዋንጫ (1657) ርዝመቱ 19 ሴንቲሜትር አይሞላም። ከነጭ ጄድ ድንጋይ የተሠራ ነው። ሆዱ ለሁለት የተከፈለ ቅል ይመስላል፣ መቀመጫው የሎተስ አበባ ነው፣ እጀታው ጠምዘዝ ብሎ የፍየል ራስ ይሆናል። ጄድ በቢላ አይቀረጽም። ከሱ በሚጠነክር የድንጋይ ዱቄት እየፈገፈጉ ነው ቅርጽ የሚያወጡለት። ስንት ትዕግሥት እንደጠየቀ ያስቡት!

እንዴት እዚያ እንደደረሰ አለመጠየቅ። የቲፑ ነብር አውሮፓዊ ላይ የሰፈረ የእንጨት አውሬ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ኦርጋን አለ። ልጆች ይወዱታል። የደቡብ ህንዷ ማይሶር ገዥ ቲፑ ሱልጣን በ1799 ሲገደል እንግሊዞች ከቤተ መንግሥቱ የዘረፉት ነው። መቅደላን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንም።

ጨለመብኝ ብሎ ጨርቁን ማለፍ። መብራቱ የቀነሰው ሆን ተብሎ ነው፤ ብርሃን ቀለም ይበላል። ዓይንዎ እስኪለምድ ይታገሡ። ከደቡብ ምሥራቅ ህንዱ የኮሮማንዴል ጠረፍ የመጣውን ባለአበባ ጥጥ ቀረብ ብለው ይዩ። ቀዩ በብሩሽ የተቀባ አይደለም። ባለሙያው አበባውን ቀለም በሚያስይዝ ማዕድን ይሥላል፣ ከዚያ ጨርቁን ቀይ ቀለም ባለው ሥር ይቀቅለዋል። ማዕድኑ የነካው ቦታ ብቻ ቀልቶ ይቀራል፣ ቢታጠብም አይለቅም። አውሮፓውያን በጣም ስለወደዱት ፈረንሳይ የአገሯን ሸማኔ ለመጠበቅ በ1686 አገደችው።